ዋልያን ከጥይት የሚያስጥል ገደል የለም

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2007 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው ቆጠራ 865 ዋልያዎችን አስመዝግቦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተዘገበው ቁጥር 306 ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከ550 በላይ የሚሆኑት የሉም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ምክንያቶቹ እንደ ልማድ ተደርድረው ይነገራሉ፤ ሰፈራ፣ እርሻ፣ ልቅ ግጦሽ፣ የከብት በሽታ፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ሕገወጥ አደን። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ችግሩ ግን ሁሉም በእኩል ድምፅ ሲነገሩ የትኛው ቀድሞ መያዝ እንዳለበት ይጠፋል፤ የሚሠራ ሰውም ሆነ የሚያዝ ባለሥልጣን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የዋልያ ያለፉት ዘጠና ዓመታት ታሪክ በቅጡ ከተመረመረ ግን አንዱ ምክንያት ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣል፤ ጠመንጃ። ግጦሽና እርሻ የዋልያን ቁጥር ቀስ እያሉ ይሸረሽራሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገደል የሚከቱት ግን ሥርዓት የላላበት ዘመንና በየእጁ የገባ መሣሪያ ናቸው። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ጠመንጃን ከገደሉ አካባቢ ማራቅ ነው። ይህም ሰላም እስኪወርድ የሚቆይ ሥራ አይደለም፤ በገደሉ አፋፍ ከሚኖረው ሰው ጋር በሚደረግ ስምምነትና በማይቋረጥ የስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ደመወዝ አሁኑኑ ሊጀመር የሚችል ነው።

ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በስተቀር የትም የለም። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀው ጀምሮ አገሩ ይኸው ተራራ ብቻ ነው፤ ለክፉ ቀን ተብሎ በእንስሳት ማቆያ የተያዘ ዘር እንኳ የለውም። በስሜን ውስጥም ቢሆን ተራራው ሁሉ ቤቱ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 እስከ 4,500 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ፣ በተለይም በሰሜን በኩል ወደ ቆላው ቁልቁል በተቆረጠው ታላቁ ገደል ላይ ነው የሚኖረው፤ በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅና በብዋሂት በኩል በሚያልፈው ጠርዝ። ቀኑን የሰው እግር በማያርፍበት ተረተር ላይ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ጠዋትና ማምሻውን ወደ ጓሳው ሣርና ወደ አስታው ቁጥቋጦ ብቅ ብሎ ይግጣል። ስሪያው በዓመቱ ውስጥ የተበተነ ቢሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረታል፤ እናቲቱ አምስት ወር ያህል አርግዛ ክረምቱ ሲወጣ ትወልዳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ። የግልገሉ መደበቂያም ያው ገደል ነው። የባሕር ኤሊን የሚያጠኑ ሰዎች ስለ እንቁላል መጣያ ዳርቻ የሚያነሱት ነጥብ እዚህም ይሠራል። ኤሊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ውቅያኖስ ስታካልል ብትኖርም የዘሯ ዕጣ የሚወሰነው ወጥታ እንቁላሏን በምትቀብርበት ጥቂት ኪሎ ሜትር አሸዋ ላይ ነው። ኮስታሪካ ቶርቱጌሮ የሚባለውን ዳርቻዋን እ.ኤ.አ. በ1975 ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ፣ ቀድሞ ኤሊ ያርድ የነበረው መንደር ከጎብኚ ገቢ እንዲያገኝ ስላደረገች፣ በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ በዳርቻው ላይ የሚቆፈረው የአረንጓዴ ኤሊ ጎጆ በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ጠባቡን ስፍራ የጠበቀ ሰፊውን ዘር አተረፈ። የስሜኑ ጠርዝም እንዲሁ ጠባብ ነው፤ ለመጠበቅ የሚመች፣ ለማጥፋትም የሚመች።

ገደሉ ዋልያን ከነብር፣ ከጅብ፣ ከውሻና ከሰው እግር ሲያስጥለው ኖሯል። ከማዶ ሸንተረር የተተኮሰን ጥይት ግን አይመልስም። እንዲያውም ያኔ ገደሉ ራሱ ወጥመድ ይሆናል፤ እንስሳው ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደማይደረስበት ተረተር ነው፤ ተረተሩም ፊት ለፊት ለተቀመጠ ተኳሽ የተገለጠ ዒላማ ነው። በዚህ ላይ በሰላሙ ዘመን የመጣ ሌላ ለውጥ ተጨመረ። ጎብኚ በብዛት በሚመላለስበት በጨነቅ አካባቢ ዋልያዎቹ ሰውን ለምደው ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው ጥቂት እርምጃ ያህል ሲቀርባቸው ቀና ብለው አይተው ግጦሻቸውን ይቀጥሉ ነበር፤ የስሜን ዝና ያደገውም እንስሳቱን በቅርብ ማየት በመቻሉ ነው። ሰውን የማይፈራ ዋልያ ግን ካሜራ የያዘውንና ጠመንጃ የያዘውን ለይቶ አያውቅም። ለዚህ ነው ጥበቃው ሲላላ አደጋው ከቀድሞው የሚከፋው፤ የሃያ ዓመት ጥበቃ ያፈራው እምነት በአዳኙ እጅ ትርፍ ይሆናል። አንድ አዋቂ ወንድ ከ80 እስከ 125 ኪሎ ይመዝናል፤ ገበያ ለራቀውና ለራበው ሰው ይህ ብዙ ሥጋ ነው። ቀንዱም አንድ ሜትር አልፎ ያድጋል፤ በቀደመው ዘመን የመጠጫ ዋንጫ ይሠራበት ነበር።

የዋልያን ቁጥር ከአገሪቱ የጦርነት ዘመናት ጋር አስተያይቶ ማየት ነገሩን ያብራራዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዘመናዊ ጠመንጃ በገጠሩ ተበተነ። የዱር እንስሳት ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን በ1955 ዓ.ም. ስሜን ደርሶ የተረፉትን ሲገምት 150 ገደማ ብቻ ነበሩ። መንግሥት ጠባቂ አሰማርቶ ፓርኩን በ1962 ዓ.ም. በሕግ ካቋቋመው በኋላ ቁጥሩ አገግሞ፣ ስሜን በ1970 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሲመዘገብ ዋልያ 300 ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ተራራው እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የፓርኩ ሠራተኞች ስፍራውን ለቀው ወጡ፤ ጥበቃ የሚባል ነገር እስከ 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ድረስ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዋልያም ወደ 250 ገደማ ወረደ። ዩኔስኮ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህን ተከትሎ ነው። እውነት ለመናገር ያኔ የተጠቀሰው ምክንያት የዋልያ መመናመን ብቻ አልነበረም፤ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ መብዛት፣ እርሻውና መሐል ለመሐል ያለፈው መንገድም ተቆጥረው ነበር። ሆኖም እነዚያ ሁሉ ባሉበት፣ ሰዎቹ ሳይነሱ፣ እርሻው ሳይቆም፣ ዋልያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማንሰራራት ቻለ። በ1990ዎቹ 500 አለፈ፤ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከ700 በላይ ሆነ፤ ከዚያም 865 ደረሰ።

ይህ የማገገም ጊዜ ከማሽቆልቆሉ ይበልጥ ትምህርት አለው። ሰዉ አልቀነሰም፤ ከብቱም አልቀነሰም። የተለወጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በገደሉ አፋፍ ላይ የሚውልና የሚያድር፣ ደመወዙ የሚከፈለው፣ ከመንደሩ የወጣና መንደሩ የሚያውቀው ስካውት መኖሩ ነው። ሁለተኛው ዋልያው በሕይወት በመቆሙ የሚያተርፍ ሰው መብዛቱ ነው፤ በደባርቅ ከተማ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በየካምፑ ዳቦና ጠላ የምትሸጠው ሴት። አዳኝን የሚያጋልጥ ጎረቤት የተገኘው ያኔ ነው። በ2009 ዓ.ም. በፖላንድ ክራኮው የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስሜንን ከአደጋው መዝገብ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዋልያን ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ‘ተጋላጭ’ ከሚላቸው ዝርዝር አስገባው። ጊዜው እንዴት ያለ ነበር! በዚያው ዓመት ማብቂያ በትግራይ ጦርነቱ ፈነዳ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ አዲ አርቃይና ዳባት ተሻገረ፤ ያ ሳይሽር በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ተከተለ። ጎብኚው ቀረ፤ በጎብኚው ይተዳደር የነበረው ሰው ባዶ እጁን ቀረ፤ ጠመንጃው በዛ። ዋልያን ያቆሙት ሁለቱም ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ተነቀሉ፤ 306 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥንትም ያለ ነው፤ ሰዎቹን ከፓርኩ ማንሳት ነው መፍትሔው የሚል። ይህ ሐሳብ በተግባር ተፈትኗል። በደርግ ዘመን በገደሉ ግርጌ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በግዳጅ ተነሥተዋል፤ ውጤቱ በፓርኩ ላይ የተቋጠረ ቂም ነበር፤ ሥርዓቱ ሲፈርስ የፓርኩ ሰፈሮች የጥቃት ዒላማ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ቂም ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ግጭ የሚባለው መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራ ያለው፣ በካሳ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ሄደ። የግጭ አምባ ለረጅም ዘመን በከብት ተግጦ የተራቆተ ነበርና ሣሩ አርፎ እንደገና ማቆጥቆጡ አይካድም፤ ለጭላዳውም ለቀይ ቀበሮውም በጎ ነው። ስለ ዋልያ ግን ቀኖቹን ማስተያየት ነው። 865 የሚለው ቁጥር የተገኘው መንደሩ ገና በቦታው ሳለ ነው፤ 306 የሚለው መንደሩ ከተነሣ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ለዋልያ መመናመን ዋናው ተጠያቂ መንደሩ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ መጨመር በተገባው ነበር። እንዲያውም አፋፍ ላይ የሚኖር እረኛና ገበሬ ሲነሣ ተኩስ ሰምቶ የሚናገር ጆሮም አብሮ ይነሣል። ባዶ ገደል የሚመቸው ለዋልያ ነው ወይስ ለአዳኝ የሚለው ጥያቄ ከመፈናቀሉ በፊት በደንብ የተጠየቀ አይመስልም። ግጦሽን በልክ ማድረግ፣ ፍየል ወደ ገደሉ እንዳይወርድና በሽታ እንዳያጋባ መከልከል ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ከነዋሪው ጋር የሚሠራ እንጂ ነዋሪውን በማንሳት የሚገኝ አይደለም።

ቆጠራው ራሱ አይታመንም የሚልም አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉም በሚውልበት፣ አንዱ ሸንተረር ሌላውን በሚከልልበት አገር ዋልያ መቁጠር ከባድ ነው፤ በግጭት ጊዜ ደግሞ ቆጣሪው ሊደርስባቸው የማይችል ጥጎች አሉ፤ የተሳደደ እንስሳም ራሱን ይሰውራል። እሺ፣ 306ቱ ከእውነተኛው ቁጥር በሢሶ ያነሰ ነው እንበል። ያን ጊዜ እውነተኛው ቁጥር 459 ይሆናል፤ ከ865 ጋር ሲተያይ አሁንም ግማሽ ያህሉ የለም ማለት ነው። እናቲቱ አንድ አንድ ግልገል እየወለደች፣ ከግልገሎቹም ብዙዎቹ ለነብርና ለቀበሮ እየሆኑ፣ ከ250 ወደ 865 ለመድረስ ሃያ ዓመት ገደማ እንደፈጀ ሲታሰብ የቆጠራው ስሕተት ክርክሩን አይለውጠውም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሰው እየሞተ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መንገድ ተቋርጦ ሳለ ስለ ተራራ ፍየል መጮህ ምን ይባላል? በጦርነቱ ጨና በተባለው መንደር ሬሳ የቀበረ ሕዝብ ፊት ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ ነውር ነው። መልሱ ዋልያ ከሰው ይበልጣል የሚል ሊሆን አይችልም። ነገር ግን በሰሜን ጎንደር የሰውን ኑሮና የዋልያን ኑሮ ነጣጥሎ ማየት የሚችል ደባርቅን የማያውቅ ብቻ ነው። ከተማዋ ከእርሻ ቀጥላ የቆመችው በተራራው ላይ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣው ጎብኚ የሚያድርበት ሆቴል፣ የሚከራየው በቅሎ፣ ይዞት የሚወጣው አስጎብኚና ስካውት፣ የሚበላው እንጀራ ሁሉ ከገደሉ ጋር የተያያዘ ነው። ጎንደር ከተማም ብትሆን ፋሲል ግቢን አይቶ በማግሥቱ ወደ ስሜን የሚወጣው እንግዳ ሁለት ሌሊት ተጨማሪ እንዲያድር የምታደርገው በዚህ ነው። ጦርነቱ አንድ ቀን ያበቃል። ያኔ ለጎብኚ የሚታይ ዋልያ ከሌለ ከጦርነቱ የተረፈው ወጣት ተመልሶ የሚይዘው ሥራ አይኖርም። ሜዳ ላይ የፈረሰ ሆቴል በሁለት ዓመት ይሠራል፤ ከ100 በታች የወረደ የዋልያ ዘር ግን በሁለት ትውልድም ላይመለስ ይችላል። በተጨማሪም ስሜን የውኃ ማማ ነው፤ ማይ ሻሻን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። ስካውት ሲጠፋ የሚጠፋው ዋልያ ብቻ አይደለም፤ ደኑም ጓሳውም ነው። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩን እሳት ሲበላው ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ መጠበቁ፣ በቦታው የተደራጀ ሰው አለመኖር ምን እንደሚያስከፍል አሳይቷል።

በጦርነት ጊዜ የዱር ፍየል ማትረፍ ከቶ አይቻልም የሚል ካለ ጣሊያን ውስጥ ያለውን ግራን ፓራዲሶ ይመልከት፤ የዋልያ የአጎት ልጅ የሆነው የአልፕስ አይቤክስ የተረፈው እዚያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመላው የአልፕስ ተራሮች ከ100 ያልበለጡ ቀርተው ሳለ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1856 ስፍራውን የግል ማደኛው አደረገው፤ ጠባቂዎቹንም ከራሳቸው ከአዳኞቹ መካከል መልምሎ ደመወዝ ቆረጠላቸው። ማን በየትኛው ሸንተረር እንደሚያደባ ከአዳኝ በላይ የሚያውቅ የለምና ብልህ ምልመላ ነበር። በኋላ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ አይቤክሱም ወደ ሺዎች ደረሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጥበቃው ፈረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የቀሩት 400 ገደማ ብቻ ነበሩ። ልክ እንደ ስሜን፣ መንደር ሳይጨመር፣ ከብት ሳይበዛ፣ ጥበቃ በመፍረሱና መሣሪያ በመብዛቱ ብቻ። የፓርኩን ኃላፊነት የያዘው የእንስሳት ሐኪሙ ሬንዞ ቪዴሶት ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ጠባቂዎቹን መልሶ ማቋቋም ነው። ዛሬ በአልፕስ ተራሮች ሁሉ የሚገኙት ከ50,000 ይበልጣሉ። ሌላውን መጨረሻ ደግሞ ስፔን አይታለች። የፒሬኒስ አይቤክስ ለረጅም ዘመን ሲታደን ኖሮ ጥበቃው ዘግይቶ መጣ፤ የመጨረሻዋ እንስት እ.ኤ.አ. በ2000 ዛፍ ወድቆባት ሞተች። ሳይንቲስቶች ከሕዋሷ ቅጂ ለመፍጠር ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2003 የተወለደችው ግልገል ጥቂት ደቂቃ ኖራ ሞተች። ዋልያን በማቆያ እናራባ የሚሉ ወገኖች ሐሳባቸው ለመጠባበቂያነት የሚናቅ አይደለም፤ ስዊዘርላንድም አይቤክሷን የመለሰችው ከጣሊያን በድብቅ በተወሰዱ ግልገሎች ነው። ነገር ግን ያ የሠራው ግልገሎቹ የሚወሰዱበት፣ የተጠበቀ ዋና መንጋ በግራን ፓራዲሶ ስለነበረ ነው። ዛሬ ከገደሉ ላይ ዋልያ እያጠመዱ ማውጣት የተረፈውን ማመናመን ነው፤ በአጥር የተያዘ ዋልያም ነገ የሚለቀቅበት ገደል ከጥይት ነፃ ካልሆነ ወደየት ይሄዳል?

ታዲያ ጠመንጃን ከገደሉ ማራቅ በምን ይሆናል? ሕጉ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደኑን ይከለክላል፤ ቅጣቱንም ይደነግጋል። ግን ፖሊስ በማይደርስበት ሸለቆ አዋጅ ብቻውን አይከላከልም። በተራራው የመንግሥት እጅ ሲሳሳ የቀረው ሥልጣን የሽማግሌው፣ የቄሱና የመንደሩ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በዚሁ በአማራ ክልል በመንዝ የጓሳ ምድር ለዘመናት የቆየው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጥሶ የገባውን ማኅበረሰቡ ራሱ እየቀጣ፣ ያለ አንድ የመንግሥት ዘበኛ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበትን አምባ አቆይቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም በክልከላው ውስጥ ድርሻ ነበራት። የጃን አሞራ፣ የደባርቅ፣ የአዲ አርቃይና የበየዳ ነዋሪም ከዚህ የሚያንስ ሥርዓት የለውም፤ በቅዱስ ያሬድ መጠሪያ የሚከበር ተራራ ላይ ግዝት ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ የለም። የስምምነቱ ጭብጥ ጠባብ ይሁን፤ ማንም፣ የየትኛውም ወገን ታጣቂ ይሁን ገበሬ፣ በፓርኩ ገደል ላይ በዱር እንስሳ አይተኩስ። ስለ ሌላው ክርክር እዚያ አይነሣ። ከታጣቂ ጋር ስለ ዋልያ መነጋገር ቀልድ ነው የሚል፣ ወይም ለአንዱ ወገን ዕውቅና መስጠት ነው የሚል፣ ኤል ሳልቫዶርን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1985 የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት ሕፃናት እንዲከተቡ ሲባል በተለዩ ቀናት ተኩስ ቆሟል፤ አስታራቂዋም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ክትባትና ዋልያ አንድ አይደሉም፤ ግን ጠባብ ጉዳይ ላይ ጠባብ ስምምነት ማድረግ ማንንም አሸናፊ እንደማያደርግ ያሳያል። ደግሞም የስሜን ሰው በመሐላ ያሰረውን ነገር የጠመንጃ ባለቤት ሁሉ እንዳሻው አይጥሰውም፤ ነገ የሚመለሰው ወደዚያው መንደር ነውና።

መሐላ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሆድ አለ። ስካውቱ ደመወዙ የሚመጣው ጎብኚ ሲኖር ብቻ ከሆነ ስካውት የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። የስሜንም የድክመቱ ምንጭ ይኸው ነው፤ በሰላም ጊዜ ጎብኚ ዋልያን ይመግባል፣ በጦርነት ጊዜ ጎብኚ ይጠፋል፣ ዋልያም ተከትሎ ይጠፋል። ስለዚህ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በሰላሙ ዘመን ከመግቢያ ክፍያው የተወሰነውን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥበት፣ ወይም መንግሥትና ለጋሾች ለስሜን ስካውቶች ብቻ የተለየ በጀት የሚይዙበት መንገድ መበጀት አለበት። ለአንድ ወረዳ መንገድ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ የስካውቶች ደመወዝ ወጪ ሊባል አይችልም። ከገደሉ ሥር መንደሮች የሚመለመሉ፣ ከነዚህም መካከል ድሮ ያድኑ የነበሩ፣ ጠመንጃ ሳይሆን መነጽርና ስልክ የያዙ ጠባቂዎች ቢጨመሩ ደግሞ ለየትኛውም ታጣቂ ሥጋት አይሆኑም። ጎንደር ላይ ያሉ ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ ከዚህ ወጪ ድርሻ መውሰዳቸው ልግስና አይደለም፤ ነገ የሚሸጡትን ዕቃ ማስጠበቅ ነው። ስሙ በብሔራዊ ቡድኑ ማልያና በቢራ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ሲያተርፍ የኖረ እንስሳ ነው፤ ከዚያ ሽያጭ ለጠባቂዎቹ ደመወዝ አንድ ነገር ቢደርስ ማንም አይደኸይም።

ቀጣዩ ቆጠራ ሲታወጅ የሚጠየቀው ስንት ዋልያ ተገኘ ብቻ እንዳይሆን። በየትኛው ገደል ላይ ስካውት በወሩ ውስጥ ስንት ቀን ዋለ፣ ደመወዙ በስንተኛው ቀን ደረሰው፣ ተኩስ የተሰማው የት ነው፣ የዋልያ ሬሳ የተገኘው በየትኛው ሸንተረር ሥር ነው የሚሉት አብረው ይመዝገቡ። የዋልያ ቁጥር የሚነግረን ያለፈውን ነው፤ ይህ መዝገብ ግን ጉዳቱ ገና ሲጀምር ያሳያል፤ ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም የትኛው መንደር ሽማግሌ ዘንድ ቶሎ መሄድ እንዳለበት ያውቅበታል። መዝገቡን ለመክፈት ደብተርና የታመነ ሰው ይበቃል፤ ግልገሎቹ ከሚወለዱበት ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሊሠራበት ይችላል።